ሰባቱን ኮከብ የቆጠርኩበት የራያ ጉዞ

ደብረ ብርሃን፣ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ አንድ ወሬ ይዞራል። ራያ ውስጥ ሰባቱ ኮከብ ከተራራው በላይ ሳለ ሙሽራ ወንዝ አትሻገርም ይባላል። ወሬውን ያመጡት ሙሽራ ለማምጣት እስከ ቆቦ የሄዱ ሚዜዎች ናቸው። በቀደም ዕለት አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ «የራያ ባህል እኮ ነው» እያለ ሰው ሲያስተምር ሰማሁት። እነዚያን ሚዜዎች ጭኖ የሄደው ሾፌር እኔ ነኝ። የኮከቡን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ያንን አገር ለማየት ዕድሉ ለማይገጥማችሁ ሁሉ የአምስቱን ቀን ጉዞ በየተራው ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ከመነሳቴ በፊት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለሱ ፍርሃቴ አይገባችሁም። ዳፍንት አለብኝ። ቀን ቀን ዓይኔ ምንም አይሆንም፤ የሩቅ ታርጋ አነባለሁ። ፀሐይ ስትገባ ግን ዓይኔም አብሯት ይገባል። መኪና ውስጥ ብሆን መብራቱ የሚወድቅበትን ጠባብ ቦታ እንጂ ግራ ቀኙን አላይም። ያን ጊዜ ከጀመረኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ለባለቤቴ ለአስናቀች አልነገርኳትም፤ ለባለ መኪናውም አልነገርኩትም። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም። የምሠራው በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ መሃል ስለነበር በጊዜ እየገባሁ፣ ሲመሽብኝም «ሞተሩ ሞቋል» እያልኩ ኖርኩ።

ሙሽራው ዳንኤል የጎረቤታችን ልጅ ነው። ቆቦ ሦስት ዓመት ሲያስተምር ትርንጎ ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀና ለጋብቻ በቁ። ባለ መኪናው ሚኒባሱን ለሠርጉ ስጦታ ብሎ ሰጠ፤ ሚኒባሱ ሲሰጥ እኔም አብሬ ተሰጠሁ። ዳንኤልን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት።

«ማታ የምንነዳበት ቀን አለ?»

«ኧረ የለም ጋሽ ታደሰ፤ ሁሉም በቀን ያልቃል» አለኝ።

በቀን ያለቀ ሠርግ አይቼ አላውቅም። ግን ላምነው ፈለግሁና አመንኩት።

የመጀመሪያው ቀን

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ሙሽራውን፣ ሚዜዎቹንና ሽማግሌዎችን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ታንቀጠቅጣለች፤ ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ስቧል። አንደኛ ሚዜው ብሩክ ብቻ በሱፍ ልብሱ ሆኖ ይዘፍናል። ብሩክ ዝም ማለት የማይችል፣ ልቡ ግን ደግ ልጅ ነው።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ይዞታል። እዚያ ዋሻ አለ፤ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ቆላው የሚያወርድ። ለሌላ ሾፌር ዋሻው ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ግን ከብርሃኑ ወደ ውስጥ ስገባ ዓለም ድርግም አለችብኝ። ግድግዳውም መንገዱም ጠፋ። ከፊቴ የሚሄደው የጭነት መኪና ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ቀረኝ። እሱን ተከተልኩ። እሱ ገደል ቢገባ እኔም ተከትዬው እገባ ነበር። ብሩክ ዋሻው ውስጥ ድምፁ ስለሚያስተጋባለት አብልጦ ይዘፍናል፤ እኔ ከቀዩ መብራት ዓይኔን አልነቅልም። ወደ ብርሃኑ ስንወጣ ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔ ግን ለመመለሻው ከአሁኑ መፍራት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን እያለፍን ጋቢው አንድ በአንድ ወረደ። ከሚሴ ምሳ በላን። ሽማግሌዎቹ ጥላ ስር ትንሽ ዐረፍ እንበል ሲሉ ሰዓቴን እያሳየሁ አስነሳኋቸው። ኮምቦልቻ ላይ ፎቶ እንነሳ ሲሉም አልቆምኩም። ብሩክ «ጋሽ ችኩል» የሚል ስም አወጣልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴ ገባን። ሌሎቹ ፒያሳን ለማየት ሲወጡ ደክሞኛል ብዬ ማደሪያው ቀረሁ። እነሱ እንደወጡ መብራት ጠፋ። ሻማ ለመጠየቅ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የነበረ ባልዲ ውሃ በእግሬ ገለበጥኩ። የቤቱ ሴትዮ እየሳቀች «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» ብላ ወለሉን ወለወለችልኝ። ካልሲዬን ምድጃዋ ዳር አስጥታ ማለዳ አድርቃ ሰጠችኝ ብል አታምኑኝም፤ ደሴ በብርድ ከእኛ አገር ብዙም ስለማትርቅ ያለዚያ አይደርቅም ነበር።

ሁለተኛው ቀን

ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርገን መርሳ ስንደርስ ሙቀቱ ጀመረ። መርሳ ላይ ማንጎ ገዝተን እጃችን እስከ ክርን ድረስ ተጣበቀ። ወልድያን አልፈን ወደ ሜዳው ስንወርድ አየሩ ሌላ ሆነ። ወደ ቆቦዋ ሮቢት ስንቃረብ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን አውጥቼ ስታገል ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሦስት ገበሬዎች ሥራቸውን ትተው መጡና ገፉኝ ማለት ይቻላል። «አንተ ላብህን ጥረግ» አለኝ አንዱ። ጎማውን ቀየሩ፤ ውሃ አጠጡን፤ ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። እኛ አገር በዚህ ሰዓት ሰው ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳ ይደገፋል። ሮቢት ላይ ግድግዳ የሚፈለገው ለጥላው ነው።

ቆቦ ዋናውን መንገድ ባጃጅ ሞልቶታል። ዳንኤል ያስተማራቸው ልጆች አይተውት መኪናውን ከበቡት፤ አንዷ ለስላሳ ገዝታ በመስኮት አቀበለችን። ምሳ ቀማምሰን ወደ ዋጃ ቀጠልን። የሙሽራዋ ቤት ከዋጃ አስፋልቱን ትቶ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው የአፈር መንገድ ነው።

ዋጃ አስፋልቱ ዳር አንድ ረጅም ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል። አያ ሰይድ ይባላሉ፤ የሙሽራዋ አባት የአቶ ሞላ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ናቸው። የአገሩ የውሃ አባትም እሳቸው ናቸው። የውሃ አባት ማለት ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ገበሬው ጠልፎ ማሳው ሲያስገባ ተራውን የሚያዝ፣ ጠቡን የሚዳኝ ሰው ነው። ጋቢና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ወንዙን ያለ እኔ አትሻገረውም» አሉኝ።

ወንዝ ስላችሁ ውሃ እንዳይመስላችሁ። ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው፤ የእኛን የገበያ ሜዳ ያህል ሰፊ። ከጠንካራው መስመር ከወጣህ ጎማህ ይሰምጣል። አያ ሰይድ «ግራ፣ ግራ፣ አሁን ቀጥ» እያሉ አሻገሩኝ።

«ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይመጣል» አሉና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ተራራ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ዝናቡ እዚያ ነው፤ ጎርፉ እዚህ። በበልግ ማታ ማታ ይወዳል።»

 የነገው ፕሮግራም ከምሳ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተነስተን ወልድያ ለማደር ነው። ዘጠኝ ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት እያልኩ በልቤ ደገምኩት።

የሙሽራዋ ቤት በእንግዳ ስለሞላ እኔ ከአያ ሰይድ ዘንድ እንዳድር ተደረገ። ባለቤታቸው ዘይነባ የማሽላ ቂጣ በወተትና በማር አቀረቡልኝ። «የኛ ሥጋ አይሆንህም» አሉና አንዲት ልጅ እነ አቶ ሞላ ቤት ልከው የክርስቲያን ወጥ አስመጡልኝ። እኔ ስበላ እነሱ ከሳህኑ ራቅ ብለው እያጫወቱኝ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ እኛ ሰፈር ለጳጳስም አይደረግ።

ፀሐይዋ ገባች። አገሩ ሞቃት ስለሆነ ሰው ደጅ ነው የሚተኛው፤ ለእኔም የጠፍር አልጋ ግቢው መሃል ተዘርግቷል። እጄን ታጥቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር ጠቁሮብኛል። አያ ሰይድ የመግሪብ ሶላታቸውን ሰግደው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሾፌር፣ በእናንተ አገር ሰባቱ ኮከብ ይታያል?»

«ይታያል እንጂ» አልኩ።

«እስቲ ቁጠራቸውማ። ያቸው፣ ከተራራው በላይ። ስንት ታያለህ?»

ቀና አልኩ። ልጅ ሳለሁ ሰባቱን ኮከብ በደንብ አውቃቸው ነበር፤ ተጠጋግተው የሚቆሙ ደቃቅ ከዋክብት ናቸው። አሁን ግን ሰማይ ባለበት አቅጣጫ ጥቁረት ብቻ ነው ያለው። ተራራው የቱ ጋ እንደሚያልቅ እንኳ አላውቅም። አንድ ጊዜ መብረቅ ብልጭ ሲል የተራራው ጫፍ ታየኝና መልሶ ጠፋ። 

«ሰባት» አልኩ። «ምን ይሆናሉ፤ ሰባቱም አሉ።»

አያ ሰይድ ዱላቸውን አንስተው ቆሙ።

«እሺ» አሉ። «ከመተኛትህ በፊት ደጅ መውጣት አትፈልግም?»

ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደምሄድ ነው የጨነቀኝ። ከፊቴ ቀድመው ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሄዱ። «እዚህ ድንጋይ አለ» ይላሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «እዚህ ደግሞ የላሟ ገመድ።» የሽማግሌ ማጉረምረም መሰለኝና ድምፃቸውን ተከትዬ ሄጄ ተመለስኩ።

ሦስተኛው ቀን

ዳሱ ገና በጠዋቱ ሞላ። አቶ ሞላ ክርስቲያን ስለሆኑና ጎረቤቶቻቸው ሙስሊሞች ስለሆኑ ሁለት ቦታ ታርዶ፣ ሁለት ቦታ ተሠርቶ፣ ሁሉም በአንድ ዳስ ይበላል። ጭፈራው ግን አንድ ላይ ነው። ዱላቸውን እያነሱ ሲዘሉ አቧራው ጣሪያ ይነካል። ብሩክ አብሯቸው ሊዘል ሞክሮ ሱፍ ሱሪው ከኋላ ተተረተረ።

እኔ ከሙሽራዋ አጎት ከአስማማው ጋር ተቀምጬ ስበላ፣ አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ ስለ አንድ የበሬ ሽያጭ ሲያወራ ሌላው አቋረጠው።

«እሱን አትመኑት፤ ሰባት ያለ ሰው ነው!»

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ጎረምሳው ራሱ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ምን ማለት እንደሆነ አስማማውን ጠየቅሁት።

«የአያ ሰይድ ነገር ነው» አለኝ አጥንቱን እየጋጠ። «ጎርፍ ስንጠልፍ ላይኛው ወንዝ ዳር አንድ ሰው ይቆማል። ጎርፉ ሲመጣ ይጮሃል። ከእሱ በታች ሃያም ሠላሳም ሰው አሸዋው ውስጥ ወርዶ አፈርና እሾህ ይከምራል። ያ ሰው ካልጮኸ ሁላችንም አለቅን። እና አያ ሰይድ ያንን ሰው ሲመርጡ ማታ ወደ ሰባቱ ኮከብ ያሳዩትና ስንት ታያለህ ይሉታል። ስድስት ካለ ይቆማል። ሰባት ካለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

«ሰባቱ ኮከብ ሰባት አይደሉም እንዴ?»

«ስማቸው ነው እንጂ። ደህና ዓይን ያለው ሰው ስድስት ነው የሚያየው። ሰባት የሚለው ሳያይ ስማቸውን የሚያወራ ነው» አለና ጠላውን ጠጣ።

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አኖርኩት። ሽማግሌው ትናንት ማታውኑ አውቀዋል ማለት ነው። ዳሱ ውስጥ ፈለግኋቸው፤ ወዲያ ጫፍ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠው እኔን ያያሉ። ዓይኔን መለስኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ፍርሃት ያዘኝ፤ አንዱ የምሽቱ፣ ሌላው የእሳቸው አፍ። ተነስተው «ይህ ሰው አያይም» ቢሉ እዚያው እንጀራዬ አለቀ። ዝም ቢሉ ደግሞ ይመሻል።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ኬኩ ከቆቦ በባጃጅ ሲመጣ ቀልጦ ስለደረሰ እሱን ሲያቃኑ አንድ ሰዓት ሄደ። ከቆቦ የመጣው ቪዲዮ ቀራጭ ሙሽሮቹን ማሽላ ክምር አጠገብ ካላቆምኩ አለ። የሙሽራዋ አንድ እግር ጫማ ጠፍቶ ተፈለገ። ዳንኤልን ሦስት ጊዜ «እንሂድ» አልኩት፤ ሦስት ጊዜ «አሁን፣ አሁን» አለኝ። ምርቃቱ ሲጀመር ጀምበር ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ሽማግሌዎቹ በየተራ ሲመርቁ፣ እኔ አሜን እያልኩ ብርሃኑ ከመሬት ላይ ሲነሳ አያለሁ። መጀመሪያ የሩቁ ዛፍ ጠፋ፤ ቀጥሎ አጥሩ፤ ቀጥሎ የሰዉ ፊት።

መኪናው ውስጥ ገቡ። ሙሽራዋና ሁለት አጃቢዎቿ ተጨምረው አሥራ አራት ሰው ሆኑ። እኔም ገብቼ መሪውን ያዝኩ። ይህን የምጽፈው ስለሚያሳፍረኝ ነው፤ ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼ «አልችልም» ብል ያልቅ ነበር። ከኋላዬ ግን ልጅቱ ከእናቷ ተለይታ ታለቅሳለች፣ ብሩክ ይዘፍናል፣ ሕዝቡ እልል ይላል፤ በዚያ ሁሉ መሃል ዳፍንት አለብኝ ማለት አልቻልኩም። ቁልፉን አዞርኩ። መብራቱን ሳበራው ከፊቴ ትንሽ ቢጫ ቦታ ታየኝ። ወንዙን በልቤ አሰብኩት፤ ግራ፣ ግራ፣ ቀጥ። የት ላይ ግራ እንደሆነ አላስታወስኩም።

ቢጫው ቦታ ውስጥ ዱላ የያዘ ሰው ገብቶ ቆመ። አያ ሰይድ ናቸው። አበቃልኝ አልኩ።

«አጥፋው» አሉኝ።

አጠፋሁት። እልልታው ቆመ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ሰባቱ ኮከብ ከተራራው በላይ ቆመው ሙሽራ ወንዝ አታሻግሩም» አሉ። «በእኛ አገር ነውር ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ትሻገራለች።»

«አባባ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለ ብሩክ በመስኮት። «ወልድያ አልጋ ይዘናል እኮ!»

«አልጋው ባዶውን ይደር።»

አስማማው አጠገቤ፣ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። «እንዴ፣ አያ ሰይድ፣ ይሄ መቼ...» ሲል ሰማሁት። ከዚያ አቶ ሞላ ጮክ ብለው ተናገሩ።

«እውነት ነው። በሆይሆይታው ረስቼው ነበር። ልጄን አውርዱልኝ።»

ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር አንድ ሌሊት ስለተጨመረላት ለቅሶዋን አቁማ ወረደች። ሴቶቹ እልልታውን ቀጠሉ። ብሩክ አጉረመረመ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ድምፁን ከጭፈራው መሃል ሰማሁት። እኔ ከመሪው ኋላ ቀረሁ።

በሩ ተከፈተ። አያ ሰይድ እጄን ያዙኝ። «ድንጋይ»፣ «ገመድ» እያሉ ግቢያቸው ድረስ መሩኝ። የጠፍር አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ስንት ታያለህ?» አሉኝ።

«አንድም» አልኩ። «ምንም አላይም፣ አያ ሰይድ።»

እንባዬ መጣ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ያልወጣች ቃል ናት። እሳቸው እስክረጋጋ ጠበቁኝ።

«ስድስት ናቸው» አሉ። «አባቶቻችን ሲነግሩን ሰባት ወንድማማች ገበሬዎች ነበሩ። አንድ ማታ ትንሹ በሬዎቹን ውሃ ላጠጣ ብሎ ወንዝ ወረደ፤ አልተመለሰም። ስድስቱ እንዳይጠፋፉ ተጠጋግተው ቆመው ይጠብቁታል። በልጉ ሲያልቅ ከዚያ ተራራ ኋላ ወርደው ይፈልጉታል፤ አርባ ቀን ያህል አይታዩም። ሰኔ ላይ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ፣ በዞብል ተራራ በኩል ይወጣሉ። ያኔም ስድስት ናቸው። ሰው ሰባት ናችሁ ካላቸው ተመልሷል ብለው ፍለጋውን ይተዋሉ። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ሰባት ማለት የሚያስቀይመው።»

«ሙሽራ አታሻግሩም ያሉትስ?»

«እሱ የለም። ቅድም ነው የመጣልኝ።» ሳቁ። «ሞላም ወላሂ ጥሩ አድርጎ ዋሸ።»

«ለምን አልተናገሩብኝም?»

«እንግዳዬ ነህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሚስትህ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ባለ መኪናውስ?»

«እሱም።»

«ትነግራቸዋለህ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«ትናንት ሰባት ባልክበት አፍ ነው የምትነግረኝ» አሉና ጋቢውን አለበሱኝ።

አራተኛው ቀን

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ነግቶ አገሩ ይታየኛል፤ አያ ሰይድ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው ቀደሙ። ሌሊቱን ጎርፍ አልመጣም፤ ከአሸዋው መሃል ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ድፍርስ ውሃ ብቻ ይሄዳል። ብሩክ ግን ያንን ሲያይ ጮኸ።

«አያችሁ? ኮከቡ ያውቅ ነበር!»

እኔ የማየው ሌላ ነበር። ከመውረጃው በስተግራ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጎርፍ የቆረጠው ገደል አለ። የሦስት ሰው ቁመት ይሆናል። ስንመጣ አያ ሰይድ በግራ በኩል ስለመሩኝ ልብ አላልኩትም። ማታ ቢጫዋን ብርሃን ብቻ ይዤ ብመጣ ቀጥ ብዬ እዚያ ነበር የምገባው፤ አሥራ አራት ሰው ይዤ። ፍሬኑን ረግጬ ቆምኩ። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሳይ ሙሽራዋ ራሷን ዳንኤል ትከሻ ላይ ጥላ ተኝታለች።

ማዶ ስንደርስ አያ ሰይድ በመስኮት አንድ ቋጠሮ የማሽላ ቆሎ አቀበሉኝ።

«አደራ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ወልድያን፣ ደሴን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ሆነ። ብሩክ «አንድ ትንፋሽ ቀረን፤ ቤታችን እንግባ» አለ። ከፊታችን የደብረ ሲና ጠመዝማዛና ያ ዋሻ አለ። አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። ሁሉም ያዩኛል። አፌን ከፈትኩና የወጣው ይህ ነው፦

«ሙሽራዋ ቤቷ እስክትገባ በሰባቱ ኮከብ ሥር ድልድይ እንዳላሻግራት አያ ሰይድ አደራ ብለውኛል።»

ሽማግሌዎቹ «አደራማ አደራ ነው» አሉ። ብሩክ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ሸዋ ሮቢት አደርን። የሰውየውን ደግነት ሰርቄ ለውሸቴ ልብስ አደረግሁት። ያን ሌሊት ትንኝና ኅፍረት እየተፈራረቁ አላስተኙኝም።

አምስተኛው ቀን

በጠዋት ዋሻውን አልፈን፣ ረፋድ ላይ ደብረ ብርሃን ገባን። ዳንኤል ቤት ድግሱ ደርቶ ጠበቀን። ብሩክ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የኮከቡን ባህል ማውራት ጀመረ፤ ማታ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ሰው እየመጣ «እውነት ነው ጋሽ ታደሰ?» ይለኛል። እኔ ሥጋ እያኘኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሰባት ያልኩት አንድ ጊዜ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየቀኑ ነው የምለው።

ፀሐይ ከገባች በኋላ ከአስናቀች ጋር ወደ ቤት ሄድን። ግቢ ስንገባ እጇን ይዤ አስቆምኳት። ብርዱ ያንሰፈስፋል።

«ሰባቱ ኮከብ ወጥቷል?» አልኳት።

«ወጥቷል። ያው በምዕራብ በኩል።»

«ስንት ታያለሽ?»

«በዚህ ብርድ ኮከብ ልታስቆጥረኝ ነው?» አለች፤ ግን ቆጠረች። «ስድስት። ቆይ... አዎ፣ ስድስት። ሰባተኛው የታል?»

«ስድስት ናቸው» አልኳት።

«አንተስ ስንት ታያለህ?»

ፈራሁ። ከወንዙ ዳር ይልቅ እዚህ፣ ገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነበር የፈራሁት።

«ምንም» አልኩ። «አንድም አላይም፣ አስኑ። ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ።»

ፊቷን ማየት አልቻልኩም።  በማግሥቱ የመኪናውን ቁልፍ ለባለቤቱ እንደማስረክብ፣ ሐኪሙም ዓይኔን አይቶ የሚመለስ አይደለም እንደሚለኝ፣ ዛሬ ደግሞ መናኸሪያ ውስጥ በቀን ተራ አስከባሪ ሆኜ እንደምሠራ ያን ጊዜ አላወቅሁም። የሚዜዎቹን ወሬ ሳላርመው ይህን ያህል ጊዜ እንደምቆይም አላወቅሁም። የማውቀው እጄን አለመልቀቋን ብቻ ነው። ቀድማ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረች፤ ተከተልኳት። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

«ደረጃ» አለችኝ።